ሲባጎ የለበሰ ሽቦ

የእሸቴ ሬሳ ከቤሌ ከተማ በታች፣ አዲሱ ግድብ ካቆረው ውሃ ዳር ተጋድሟል። ቀኝ እጁ ቢላዋውን እንደጨበጠ ነው። የዓሣ መረብ የተተበተበባት የሰጠመች ጀልባ ሊያወጣ ጠልቆ፣ መረቡ የግራ ሲሊንደሩን ይዞት፣ አየሩ እስኪያልቅ ታግሎ ሞተ። የአየር ሲሊንደሮቹን የሚሞላው ጩማ አየር አጉድሏል ተብሎ ተጠርጥሮ ታስሯል፤ ወደ ሶዶ የሚወስደው መኪናም ቆሞ ይጠብቃል። ኢንስፔክተር ሐመልማል ግን ለችኩል ፍርድ ጆሮ የላትም።

ተንበርክካ አየች። በየብብቱ ሥር አንዳንድ ሲሊንደር አለ፤ ላዩ በላስቲክ፣ ታቹ ዳሌ ላይ በመንጠቆ ተይዟል። መንጠቆው ከሲሊንደሩ ጋር የታሰረው በሲባጎ ነው።

«ለምን በሲባጎ?» ስትል ፈሪድን ጠየቀችው። ፈሪድ ከእሸቴ ጋር አብሮ የሚጠልቅ ጓደኛው፣ የሠርጉም ሚዜ ነው።

«መረብ ከያዘን በቢላዋ ቆርጠን እንድንጥለው ነዋ። ብረት ከብረት አይታሰርም። ያስተማርኩትም እኔ ነኝ» አለ።

የግራው ሲባጎ በቢላዋ ተተልትሏል። ከሥሩ ሽቦ ያብለጨልጫል። ሐመልማል በጣቷ ነካችው።

«መንጠቆውን ማን አያያዘለት?»

«ዕቃው ከባድ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ገብተን ነው የምናያይዘው። ራሱ ይሆናላ! እኔ ገና ጀልባ ላይ ነበርኩ። ያቀበለው ጩማ ነው፤ ሰሞኑንም ተጣልተዋል።»

ጩማ ካቴናውን እያንቀጫቀጨ፣ «እኔ ከላይ ማቀበል ብቻ ነው! ዋና እኮ አላውቅም፤ ውሃ እፈራለሁ» አለ።

የሟች ሚስት ሳህሊቱ ቀና አለች። «ግራ ክንዱን አሞት ነበር። ጠዋት ሸሚዙን ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ እጁ ወደ ኋላ አይሄድለትም። ‹ዛሬ እረፍ› ስለው፣ ‹ፈሪድ አለልኝ› አለኝ።»

ሐመልማል ሁሉንም ሬሳው ዘንድ ሰበሰበች።

«የገደለው አየሩ አይደለም፤ ቢላዋ የማይቆርጠው ሽቦ ነው። የግራው መንጠቆ ዳሌ ላይ፣ ከውሃ በታች ነው የሚያያዘው። እሸቴ ክንዱ አይደርስም። ጩማ ዋና አያውቅም። ውሃ ውስጥ ሊሆን የሚችል ማን ቀረ?»

«እሺ፣ አያይዤለታለሁ!» አለ ፈሪድ። «ሽቦውን ግን ጩማ ከትቶት ይሆናል።»

የግራውን ሲባጎ ከመንጠቆው ፈትታ እጁ ላይ አኖረችለት። «እጠፈው እስቲ።»

አልታጠፍ አለ።

«አስተማሪው አንተ ይህን ጨብጠህ ሽቦነቱን አልለየኸውም? ንጹሕ ከሆንክስ ጀልባ ላይ ነበርኩ ብለህ ለምን ዋሸህ?»

ፈሪድ መሬት መሬት አየ። «እጁን ይዤ ያስተማርኩትን ልጅ አለቃዬ አደረጉት» አለ።

ካቴናው ከጩማ እጅ ወጥቶ ፈሪድ እጅ ገባ። ጩማ የተላጠ አንጓውን እያሻሸ፣ «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ።

ሳህሊቱ ፈሪድ ፊት ቆመች። አልጮኸችም።

«እሸቴ ዕቃውን ደጋግሞ ሳይፈትሽ ውሃ አይገባም ነበር» አለችው። «ያንን መንጠቆ ግን አልፈተሸም። ሚዜውን እንዴት ይፈትሽ?»