ጋቢና ላይ የታሰረው ቀበቶ

አክስት ሆኛለሁ። እህቴ ምስራቅ ትናንት ከሆስፒታል ወጥታ ልጇን ታቅፋ ቤት ገብታለች፣ ሴት ናት፣ ፀጉሯ ከወዲሁ ግንባሯ ላይ ወርዷል፣ ስታዛጋ ቁርጥ አባዬን ናት፣ እኔም ከትናንት ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እያስቆምኩ ይህንኑ እየደጋገምኩ ነው። ደስታውን ለብቻዬ መያዝ ሲያቅተኝ ልጽፈው ተቀመጥኩ፣ ስቀመጥ ግን ልጅቷ የመጣችበትን መንገድ ዘልዬ ስለ ልጅቷ ብቻ መጻፍ እንደማልችል ገባኝ።

አስቀድሜ አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ልጅ አይደለሁም። ክፍላችን ውስጥ መብራት በጠፋ ማግስት ጥላ አየሁ፣ ስሜን ጠሩኝ የሚሉ ልጆች አይጠፉም፣ እኔ ደግሞ "ታዲያ አቤት አትይም ነበር?" እያልኩ የማስቅባቸው ነኝ። አሁንም አምናለሁ አልልም። የሆነውን ነው የማወራው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪናችን ነው። አባዬ ቡናና ማር ከገጠር ሰብስቦ የሚያቀርብ ነጋዴ ነው፣ ስንት ዘመን የነዳው አሮጌ ፒክአፕ ነበረው፣ እሱን ሸጠና ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ይዞ መጣ፣ ያውም ስፖርት የሚሉትን፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ መሬት ለመንካት ትንሽ የቀራት፣ ሰው ሲቀርባት የበሯ እጀታ ከውስጥ ብቅ የሚል፣ ወንበሯ ነጭ ቆዳ። እማዬ አንድ ጊዜ ዞራት "ቦንጋ ጭቃ ላይ ነጭ ወንበር" አለች፣ ሌላ አስተያየት አልሰጠችም። ከቤታችን ፊት ለፊት የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሰይድ ወጥተው፣ ጎንበስ ብለው ስሯን አዩና "ሀብቴ፣ መኪና ነው ወይስ ምንጣፍ ነው የገዛኸው?" አሉት፣ አባዬም ሳይስቅ "ጫማህን አውልቀህ ግባ" አላቸው።

ሰው ሁሉ እንዴት ናት እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ አብረናት ከኖርን በኋላ የታዘብኩትን እዚሁ ልንገራችሁ። ዳገት አታውቅም፣ አባዬ እግሩን ጫን ሲያደርግ ጀርባችሁ ወንበሩ ላይ ይለጠፋል፣ ሆዳችሁ ኋላ ይቀራል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሌላው ቤት ስልክ ይሰካል፣ እኛ ቤት መኪና ይሰካል። ድምፅ የሚባል ነገር የላትም፣ በዚህ የተነሳ መንገደኛም አህያም መምጣቷን አይሰማም፣ የአባዬ አንድ እጅ ሁልጊዜ ክላክሱ ላይ ነው። ውስጧ ስትቀመጡ ደግሞ ዝምታው ሌላ ነው፣ መስኮቱ ከተዘጋ የእያንዳንዱን ሰው ትንፋሽ ለይታችሁ ትሰማላችሁ፣ የአባዬ አፍንጫ ታፏጫለች፣ እማዬ በየመሃሉ ትልቅ ትንፋሽ ትስባለች፣ እመኑኝ፣ ያኔ ፒክአፑ ውስጥ አሥር ዓመት አብረን ስንሄድ ይህን አላውቅም ነበር።

ችግሯ ሁለት ነው። አንደኛው ዝቅ ማለቷ ነው፣ አስፋልት ላይ ጉብታ በመጣ ቁጥር ሰው ከያዘች ሆዷ ይፋጫል፣ ስለዚህ አባዬ ይቆማል፣ "ውረዱ" ይላል፣ እኛ ወርደን በእግራችን እናልፋለን፣ እሷ ባዶዋን ቀስ ብላ ታልፋለች፣ ከዚያ ተመልሰን እንገባለን። የሰፈር ልጆች ስም አውጥተውልናል፣ "እነ ውረዱ መጡ" ይሉናል። ሁለተኛው የቀበቶ ጭቅጭቋ ነው። ወንበር ላይ ክብደት ካረፈባት ቀበቶ እስኪታሰር ቲን ቲን ማለት አታቆምም፣ አንዴ እማዬ የማር ባልዲ ጋቢና ላይ አስቀምጣ፣ መኪናዋ መንገዱን ሁሉ ስትጮህብን ባልዲውን ቀበቶ አስረነው ነው ዝም ያለችው። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ግን ጮሃ አታውቅም።

እህቴ ዋጫ ከተማ አስተማሪ ናት። መውለጃዋ ሲቃረብ ባሏ ለሥልጠና ራቅ ያለ ቦታ ሄዶ ስለነበር ቦንጋ መጥታ እኛ ዘንድ እንድትወልድ ተስማማን። ጋሽ ሰይድ አባዬን "ከፍ ያለ መኪና ተከራይላት፣ ያ መንገድ እየተጠገነ ነው" ብለውት ነበር፣ አባዬ ግን "ልጄን በኪራይ መኪና? ይቺን ለምን ገዛኋት?" አለ። ኩሩ ነው። ሌሊቱን መብራት ነበር፣ መኪናዋም ጠግባ አደረች፣ አባዬ፣ እማዬና እኔ ሄድን።

ስንመለስ ዝናብ ጥሎ አባርቶ ጭጋግ ወርዶ ነበር፣ ገና ጀምበር ሳትጠልቅ መብራት አብርተን ነው የምንሄደው። ከግማሽ መንገድ በላይ እንደመጣን ምስራቅ የእማዬን እጅ ያዘችና "እማዬ፣ ይሄ የተለመደው ቁርጠት አይደለም" አለች። ብዙም ሳይቆይ እንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። እማዬ "ነጩ ወንበርህ ይኸውልህ" አለች፣ አባዬ በመስታወት እንኳ አላያትም፣ እግሩን ጫን አደረገ። ጋቢና የነበርኩት እኔ ነበርኩ፣ ወደ ኋላ ገብቼ እግሯን ጭኔ ላይ አደረግኩ፣ ራሷን እማዬ ታቀፈች። ጋቢና ባዶ ቀረ። ሻንጣዋም ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፣ ይህን ደጋግሜ አረጋግጫለሁ።

ከዚያ መንገዱ የሚጠገንበት ቦታ ደረስን። ከዳር እስከ ዳር አፈር ተደፍቷል፣ ለትልልቅ መኪናዎች ምንም አይደለም፣ ለእኛ ግን ተራራ ነው። አባዬ ቆመ። "ውረዱ" አለ። ምስራቅ እንደማትችል ሁላችንም እናውቃለን፣ እማዬ ነጠላዋን አጣጥፋ ከራሷ ስር አደረገችላትና እኔና እሷ ብቻ ወረድን።

መኪናዋ ስሯ እየተፋጨ፣ አንዴ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች አለፈች፣ የኋላ መብራቷ ጭጋጉ ውስጥ ደብዝዞ ቆመ። እኔና እማዬ ጭቃውን እየረገጥን ተከተልን። ከኋላችን የእግር ድምፅ ይሰማኝ ነበር፣ ረገጥ፣ ነቀል፣ ረገጥ፣ ነቀል፣ ከባድ ሰው ቦት ጫማ አድርጎ የሚሄድ ዓይነት። የመንገድ ሠራተኛ ነው ብዬ ዞር አላልኩም፣ ለነገሩ እህቴ ስታቃስት እየሰማሁ ማን ይዞራል። ገባን። እማዬ በሯን ዘጋች፣ እኔ በሬን ዘጋሁ፣ ከዚያ ሌላ በር ተዘጋ። አባዬ ከመሪው አልተነሳም ነበር። ይህ ሁሉ ትዝ ያለኝ ግን በኋላ ነው።

እንደተንቀሳቀስን ቲን፣ ቲን፣ ቲን።

"ቀበቶ እሰሩ" አለ አባዬ።

"ምኑን ነው የምናስረው፣ ልጅቷ እኮ ተጋድማለች" አለች እማዬ።

"ኋላ አይደለም የሚያሳየኝ።"

አንገቴን አስግጌ ስክሪኑን አየሁ፣ ጋቢና ላይ ቀይ ምልክት ይበራል። ወንበሩ ላይ ምንም የለም። አባዬ ያረፈበት ነገር ካለ ሊጠርገው መሰለኝ፣ ሳያይ እጁን ወደ ወንበሩ ዘረጋ፣ እጁ ግን ወንበሩ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሰበሰበውና "ይቅርታ" አለ።

እኛን መስሎኝ ነበር።

መኪናዋን አቆማት፣ ጎንበስ ብሎ የጋቢናውን ቀበቶ ሳበ። የማሩን ባልዲ ስናስር እንደምናደርገው አላደረገም፣ ሰፋ አድርጎ፣ ምንም ነገር ላለመንካት እየተጠነቀቀ ዞር አደረገውና ቀጭ አድርጎ አሰረው። ድምፁ ጠፋ። እማዬ "ምንድን ነው የምትሠራው ሰውዬ፣ ንዳ እንጂ" አለችው፣ እሱም ነዳ። ሁልጊዜ ሲነዳ ያወራል፣ ይህን ማሳ የገዛው እከሌ ነው፣ ያኛው ቡና ዘንድሮ አልያዘም እያለ፣ ያን ዕለት ግን ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

እኔ የተቀመጥኩት ከጋቢናው በስተኋላ ነው፣ ከፊቴ ቀበቶው ከግድግዳው ወጥቶ ወደ ወንበሩ የሚሄድበት ቦታ ይታየኛል። ባዶ ወንበር ላይ ሲታሰር ላላ ይላል፣ አውቀዋለሁ። ያኔ ተወጥሮ ነበር። ትንሽ ወደ ፊት ይሳባል፣ ትንሽ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሳባል። መንገዱ ነው አልኩ፣ መንገዱ ግን እዚያ ጋ ለስላሳ አስፋልት ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ላለማየት ስሞክር መስማት ጀመርኩ። ምስራቅ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፣ እማዬ ትልቁን ትንፋሿን ትስባለች፣ የአባዬ አፍንጫ ታፏጫለች። የራሴን ያዝኩት፣ ትንፋሼን ማለቴ ነው፣ ያዝኩና አዳመጥኩ። የቀረው ሦስት መሆን ነበረበት። ከፊት ለፊቴ፣ ከወንበሩ ወዲያ፣ ዳገት ወጥቶ እንዳረፈ ሰው ዝግ ያለ፣ ወፈር ያለ ሌላ ትንፋሽ አለ።

ለማንም አልነገርኩም። ምን ብዬ? እህቴ እጄን ልትሰብረው ደርሳለች፣ እማዬ "ትንሽ ቀረን፣ ትንሽ ቀረን" ትላለች፣ እኔም አብሬ "ትንሽ ቀረን" አልኩ።

ከተማ እንደገባን፣ ከሆስፒታሉ በፊት፣ አንድ ጉብታ አለ፣ ሁላችንም የምንጠላው፣ ባዶዋን እንኳ የማያሳልፋት ጊዜ አለ። አባዬ ዘገም አለ። መቆም እንደማንችል ያውቃል፣ ምስራቅ "አባዬ መጣ፣ መጣ" እያለች ነው። እዚያ ቢይዘን፣ ተሸክመን በእግራችን ልንወስዳት ነው፣ በእግር ደግሞ የምንደርስ አይመስለኝም ነበር።

ጉብታው ጫፍ ላይ ስንደርስ፣ ቀጭ።

ቀበቶው ተፈታ። አባዬ አልነካውም፣ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነበር፣ እያየሁት ነው። ቀበቶው ሽርር ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ መኪናዋ ቲን ቲን ጀመረች፣ በር ድም ሲል ሰማሁ፣ ሲከፈት ግን አላየሁም፣ ከዚያ ጩኸቱ ቆመ። ወዲያው መኪናዋ ከስራችን ከፍ አለች፣ ሰው ከአልጋ ጠርዝ ሲነሳ ፍራሹ እንደሚነሳው ማለት ነው፣ ጉብታውንም ምንም ሳትነካ አለፈችው። ከዚያ በፊት ሰው ይዛ አልፋው አታውቅም። ከዚያ በኋላም አላለፈችውም።

ልጅቷ የተወለደችው ምስራቅ አልጋ ላይ እንደወጣች ነው፣ ነርሷ ጓንቷን በቅጡ አጥልቃ አልጨረሰችም ነበር።

ማታ ላይ ምስራቅ አረፍ ብላ፣ ሾርባ ፉት እያለች፣ "ሰውየው ሄደ?" አለችን።

"የቱ ሰውዬ?" አለች እማዬ።

"ጋቢና የነበረው። መንገድ ላይ ያሳፈራችሁት። ጨዋ ሰው ነው፣ ያን ሁሉ ስጮህ አንዴም ወደ ኋላ አልዞረም።"

እማዬ እኔን አየችኝ፣ እኔ አባዬን አየሁት፣ አባዬ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ።

ጋሽ ሰይድ ሲሰሙ ብዙም አልገረማቸውም። "ሴንሰር ነው፣ እርጥበት ገብቶበት ነው፣ የእኔም ስልክ ዝናብ ሲነካው ራሱ ይደውላል" አሉ፣ የምስራቅን ደግሞ "ምጥ ላይ ያለች ሴት ምን የማታየው አለ" አሉ። ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፣ እኔም ብሆን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ የምለው ይህንኑ ነው። አባዬን ግን "እጅህ ምን ላይ ነው ያረፈው?" ብዬ ጠየቅኩት። መኪናዋን እያጠበ ነበር። "ትከሻ" አለ፣ ጨርቁን ጨመቀና ማጠቡን ቀጠለ። ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።

ትናንት ልጅቷን ይዘን ስንወጣ መኪናዋ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ተቆልፋ ነው ያደረችው፣ ቁልፉም አባዬ ኪስ ውስጥ ነው። እማዬ፣ ምስራቅና ልጅቷ ኋላ ስለሚቀመጡ ጋቢና የእኔ ነው ብዬ በሩን ከፈትኩ። ቀበቶው ታስሯል። ላላ አላለም።

አባዬ ከመሪው ሆኖ አየኝና፣ ድምፁን ሳይለውጥ "አንቺ ኋላ ጠጋ በይ" አለኝ። ጠጋ አልኩ። ለአራት ጠቦን፣ ልጅቷ ተኝታ፣ ቀስ ብለን ወደ ቤት ሄድን፣ እኔም መንገዱን ሁሉ ትንፋሽ ላለመስማት መዝሙር አንጎራጎርኩ።

እሑድ የእንኳን ማርያም ማረችሽ ግብዣ አለን። አባዬ "የምታውቂውን ሁሉ ጥሪ" ብሎኛል፣ ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ተጠርታችኋል፣ ገንፎ አለ፣ ማር አለ፣ ልጅቷም አለች። ከአደባባዩ እስከ ቤታችን ያለው ዳገት ጭቃ ስለሆነ አባዬ በመኪናዋ ያመላልሳችኋል፣ ስትመጣ አትሰሟትም፣ ዞር ዞር እያላችሁ ጠብቁ። ጉብታው ጋ "ውረዱ" ይላችኋል፣ አትቀየሙት። የጋቢናው ቀበቶ ታስሮ ካገኛችሁት ግን አትፍቱት፣ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ ይበቃል።