በአስተማሪ የቀናች እናት

ልጅ ወልዶ ለአስተማሪ የሚሰጥ ሰው ሁሉ ይህን የመተማዋን የአገኘሽን ነገር ቢሰማ ይጠቀማል።

አገኘሽ በመተማ ገበያ ማሽላና ሰሊጥ እየሰፈረች የምትኖር ብርቱ ሴት ነበረች። ባሏ አዛናው ጣሊያን አገሩን በያዘ በዓመቱ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቋራ በረሃ፣ ወደ አርበኞቹ ገብቷል። የቀረቻት አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጸዳለ ናት። ጸዳለ አእምሮዋ እንደ ምላጭ፣ ጥያቄዋም የማያልቅ ነበር። «ወንዙ በበጋ የት ይሄዳል? ሰሊጥ ሳይታጨድ ከቆየ ለምን ይረግፋል?» እያለች ገበያተኛውን ታስጨንቅ ነበር።

በ1931 ዓ.ም. ካሰች የምትባል ሴት ከገዳሪፍ ወደ መተማ ተመለሰች። ስደተኛ አባቷ ሱዳን ውስጥ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያስተማሯት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። በጓሮዋ ዳስ ጥላ አሥራ አምስት ልጆች ሰበሰበችና ንባብና ሒሳብ ታስተምር ጀመር። ወላጆችም በየወሩ አንድ አንድ ቁና ማሽላ ይሰጧታል። ካሰች አትገርፍም። ልጅ ሲሳሳት «እስቲ እንዴት እንዳሰብሽው ንገሪኝ» ትላለች እንጂ። ጸዳለ በስድስት ወር ደብዳቤ አነበበች።

አገኘሽ መጀመሪያ ደስ አላት። እያደር ግን ነገሩ ይቆረቁራት ጀመር። እራት ሲቀርብ ጸዳለ፣ «እትዬ ካሰች እጅ በሳሙና ይታጠባል ብላለች።» ጸጉሯን ልትሠራት ስትቀመጥ፣ «እትዬ ካሰች ስትሠራኝ አያመኝም።» አንድ ማለዳ ጭራሽ ጸዳለ ውሃ ጠምቷት እናቷን «እትዬ!» ብላ ጠራቻት።

ልጅቷ ወዲያው ሳቀች። «ተሳሳትሁ፣ እማ።»

እናት አልሳቀችም። «ዘጠኝ ወር የተሸከምሁ እኔ፣ የምትጠራ እሷ!» አለች በሆዷ።

ያን ቀን ገበያ ላይ ለጎረቤቷ ለዘሊካ አጫወተቻት። ዘሊካ የነጋዴ ሚስት ናት፤ የእሷም ልጅ ከካሰች ዘንድ ይማራል።

«ላወጣት ነው» አለች አገኘሽ። «አለቃ ሰጠኝ ዘንድ አስገባታለሁ። የጣሊያን ቢሮ ጸሐፊዎች ሁሉ ከእሳቸው እጅ የወጡ ናቸው። አለንጋ የሌለበት ትምህርት ደግሞ ምን ትምህርት ነው?»

«ልጅሽ ማንበብ ችላለች። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ስም ያለው ቦታ ነዋ!»

ዘሊካ አየት አደረገቻት። «ወላሂ፣ እኔም ቀንቼ ነበር። ልጄ ቤት ሲገባ ወሬው ሁሉ እሷ ናት። ግን ደስ ብሎት ሄዶ ደስ ብሎት ይመለሳል። ቅናቴን ዋጥሁት።»

«እኔ አልቀናሁም!» አለች አገኘሽ። ድምጿ ገበያውን ዘወር አሰኘው።

በማግስቱ ጸዳለን እየጎተተች አለቃ ሰጠኝ ዘንድ ወሰደቻት። «አለቃ፣ ዓይኗን ብቻ ይተዉልኝ እንጂ ይቅጡልኝ» አለቻቸው። ካሰች ወሬውን ሰምታ ደጇ ድረስ መጣችና «ጥፋቴን ንገሪኝ» ብትላት፣ «የራስሽን ውለጂ!» ብላ በሩን በፊቷ ዘጋችባት።

በአለቃ ሰጠኝ ቤት ከአርባ ወንዶች መካከል ሴት ጸዳለ ብቻ ነበረች። በመጀመሪያው ሳምንት እጇን አውጥታ ጠየቀች። «ተማሪ ይሰማል እንጂ አይጠይቅም» አሉና መዳፏን ገረፏት። ወንዶቹም ሳቁባት። ከዚያ ወዲያ ጸዳለ ቤትም ውስጥ ዝም አለች። የማንንም ስም አታነሳም፤ ስለ ወንዙም ስለ ሰሊጡም አትጠይቅም። አገኘሽ ዝምታውን ጨዋነት መሰላት። «ልጄ ተመለሰችልኝ» አለች።

በሦስተኛው ወር አንድ መንገደኛ ከሰሊጥ ጆንያ ውስጥ ወረቀት አውጥቶ በስውር ሰጣት። የአዛናው ደብዳቤ ነው። የአርበኛን ደብዳቤ ለማን ታስነብበው? ጸሐፊዎቹ ሁሉ ከጣሊያን ጋር ናቸው። በሩን ዘጋችና ለጸዳለ ሰጠቻት።

«አንብቢልኝ፤ የአባትሽ ቃል ነው።»

ልጅቷ ወረቀቱን ዘረጋችው። «ይ... ይድ...» አለችና ቆመች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፤ ዓይኗን ጨፍና ሁለት መዳፎቿን ወደ እናቷ ዘረጋች።

«ምን መሆንሽ ነው?»

«ምቺኝ፣ እማ። ከዚያ ምናልባት እችል ይሆናል።»

አገኘሽ መዳፎቹን አየች። የአለንጋው ሰንበር ገና አልጠፋም። ልጇን እቅፍ አድርጋ አነባች፤ አለቃ ዘንድም ዳግመኛ አልላከቻትም። ነገር ግን ከካሰች ፊት መቆም አሳፈራት። ደብዳቤውን አምስት ቀን ጡቷ ሥር ይዛ ቆየች። በመጨረሻ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ካሰች አንዲት የወቀሳ ቃል ሳትናገር አነበበችላት። «ለማርያም ዕለት ሽንፋ መንደር እመጣለሁ። ሁለት ቀን እጠብቃችኋለሁ። ጸዳለን አምጪልኝ፤ ዓይኗ ናፍቆኛል።»

ማርያም ካለፈች ሦስት ቀኗ ነበር፤ የመጠበቂያው ቀን አልፏል።

አገኘሽ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ቅናቴ ነው ያስቀረኝ። ልጄን የወሰድሽብኝ መሰለኝ።»

«እኔም እኮ እቀናብሽ ነበር» አለች ካሰች። «ትምህርት ሲያልቅ ሁሉም እኔን ጥለው ወደየእናታቸው ይሮጣሉ። ያንቺዋ ደግሞ ከሁሉ ቀድማ ነበር የምትሮጠው።»

ጸዳለ ወደ ዳሱ ተመለሰች፤ ድምፅ አውጥታ እስክታነብ ግን አንድ ሙሉ ክረምት ፈጀባት። ካሰችም አላጣደፈቻትም። አዛናው የመጣው ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1933 ዓ.ም. ነው። ደጁ ላይ ያገኛትን ልጅ «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። አገኘሽ ያን ሰምታ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ዛሬ የመተማ እናቶች ልጃቸውን የት እንደሚያስገቡ ሲያማክሯት የምትለው እንዲህ ነው፦ «የአስተማሪውን ስም ተይው። ልጆቹ የሚወጡበትን ሰዓት ጠብቀሽ ፊታቸውን እዪ። ስለ ትምህርታቸው እየተከራከሩ፣ እየሳቁ ከወጡ ልጅሽን አስገቢ። አንገታቸውን ደፍተው ከወጡ ሹም የሚወጣበት ቤት ቢሆንም ይቅርብሽ። ልጅሽ አስተማሪዋን ከወደደች ደግሞ እሰይ በይ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ግን ቅናቱ የእኔ ነው፤ ልጄ ልትቀጣበት አይገባም።»