በመስታወቱ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ

ረዲያ የአሠሪዋን የማዳምን ራዲዮ ታቅፋ ሼክ ዑስማን ሰፈር ያለው ራዲዮ ጥገና ሱቅ ስትገባ፣ ጠጋኙ ዒክሪማ ከአንድ ያረጀ ሣጥን ጋር ይነታረክ ነበር። የተጠገነ ራዲዮ የሚፈተሽበት፣ ሞገድ የሚያመነጭ የእንግሊዝ ዘመን ሲግናል ጀነሬተር ነው። ፊቱ ላይ የሚያሳየው ቁጥር ሌላ፣ ሞገዱ የሚወጣበት ቦታ ሌላ።

«ይሄ የሚያፏጨው ምንድን ነው?» አለችው።

«ጣቢያ ነው። ከእኔ በቀር ማንም የለበትም።»

ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ዓይኗን እያየ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ራዲዮው ቶሎ ቶሎ ይታመም ጀመር። ማዳም ሞኝ አይደለችምና ነቃች፤ «ኸላስ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ ከቤት አትወጪም» አለቻት። ልጇ ሳዑዲ፣ ሪያድ ከተማ ወልዳ ስለነበር ረዲያን ወደዚያ ልትልካት አስባለች።

ረዲያ ለመጨረሻ ጊዜ ተደብቃ መጥታ ይህን ስትነግረው፣ ዒክሪማ ሣጥኑ ላይ ሽቦ ቀጥሎ ወደ ጣሪያው ሰቀለ። የማዳም ቤት ከሱቁ ጀርባ ስለሆነ ሞገዱ ይደርሳል።

«ማዳም ዐስር ሶላት ስትሰግድ ራዲዮውን ክፈቺው። ይሄ ፉጨት ካለ አለሁ።»

«ከሌለስ?»

«ከሌለማ እንደ ጓደኞቼ ወደ ሳዑዲ አቅንቻለሁ። ግን አልሄድም፣ ወላሂ።»

ረዲያ ድምፁ በተሰማበት ቦታ፣ በራዲዮው መስታወት ላይ፣ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደረገች።

ድምፁን እየሰማች ማዳምን «ሪያድ አልሄድም» ስትል ከረመች።

የሚያፈቅር ሰው እጁ አያርፍም። ዒክሪማ ፉጨቱ ሻካራ ሆነበትና ለእሷ ጥርት ብሎ እንዲደርሳት ፈለገ። ሣጥኑን ፈታ፤ ሞገዱን የሚያስት ትንሽ የተበላሸ ዕቃ፣ ካፓሲተር፣ አገኘ፤ በአዲስ ለወጠው። ቁጥሩና ሞገዱ ገጠሙ።

«ማ ሻአላህ» አለ የሱቁ ባለቤት ሽማግሌው ዓብደላ፣ «አሁን ውሸቱን ተወ።»

ዒክሪማ በየዐስሩ ደስ ብሎት አሰማ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የማዳም አዲሷ ሠራተኛ ፋጡ ያንኑ ራዲዮ ይዛ መጣች።

«ማዳም ድምፁ ደከመ ብላ ነው።»

«ረዲያስ?»

«ሪያድ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ሥራውን ስታሳየኝ በየዐስሩ ራዲዮው ስር ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ‹ሄዷል፣ ምን እጠብቃለሁ?› ብላ ለማዳም እሺ አለቻት።»

ዒክሪማ ሣጥኑንና ራዲዮውን ከፈተ። መርፌውን ቀይዋ ነጥብ ላይ ሲያደርገው ጭርታ ብቻ ነው። አንድ ጣት ያህል አለፍ ሲል፣ ጥገናው ባዛወረው ቦታ፣ የራሱ ድምፅ ጥርት ብሎ ያፏጫል። ድምፁ ሲጠፋ ከነጥቧ ወዲያና ወዲህ አዙራ እንድትፈልገው አልነገራትም ነበር። ሊኩል ዓይን አጠፋ የሚባለው እንዲህ ነው።

የጣለውን ካፓሲተር ከአሮጌ ዕቃው ቅርጫት ፈልጎ አወጣ። አዲሱን ነቅሎ መልሶ በየደው። ሻካራው ፉጨት ነጥቧ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ተሠራ?» አለች ፋጡ።

«ተሠራ» አላት ቀና ሳይል።

ራዲዮውን ታቅፋ ወጣች። የዐስር አዛን ተሰማ። እሱ ሣጥኑን አላጠፋውም፤ ጣቢያው ላይ ግን ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም።