ሦስት ጊዜ የምታስል መኪና

እስቲ መጀመሪያ ያን ሞተር አጥፉት። የማን ነው? የጭነቱ ነው? አጥፋው ወንድሜ፣ መንገዱን የዘጋው ናዳ ነገ ረፋድ ላይ ሳይጠረግ ማንም የትም አይሄድም። መብራቱንም አጥፋው። መኪና እየጮኸ የመኪና ወሬ አይወራም።

አሁን ቁልፋችሁን በሙሉ እዚህ ባርኔጣዬ ውስጥ ጣሉ። ሰባት መኪና ነን፣ ሰባት ቁልፍ። ለምን አትበሉኝ፤ በጨለማ በናዳው ጎን ሾልኬ አልፋለሁ የሚል ጀግና አይጠፋም። አንተ ባለ ሚኒባሱ፣ ምን አልክ? «እናቴ ትሙት ከዚህ ንቅንቅ አልልም»? ምነው፣ እናትህ ምን በደለችህ? ለአንዲት ቁልፍ ብለህ እሷን ትገድላለህ? ጣል ጣል፣ አትሳቅ። በሰው መማል ምን እንደሚያመጣ ልነግርህ ነው። ጠጋ በል፤ ሁላችሁም ጠጋ በሉ።

ድሮ ነው። ይሄ መንገድ ገና አስፋልት ሳይነጠፍበት፣ ፒስታ ሳለ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። ጨረቃ የለችም። መንገዱ ከቆላው ከተማ ተነስቶ በአምስት ኩርባ ወደ ደጋው ይወጣል፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ ዐለት። ሰው የለ፣ ከብት የለ፣ መብራት የለ። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን መኪና ይነዳል። ፊቱን አልቦታል። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል እኮ፣ ታዲያ ለምን አላበው? ፈርቶ ነው። ምን ፈርቶ? ሰው እንዳይሰማው ፈርቶ።

ሰውየው ዱባለ ይባላል። ቆላው ከተማ ውስጥ ጋራዥ ነበረው። ሥራው የማርሚታ፣ የሞተር ድምፅ ማፈኛው ነው፤ የጭስ ቱቦ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በይዶ ይገጥማል። ጆሮውማ አይጣል ነው! መኪና ገና ከድልድዩ ማዶ ስትመጣ ሰምቶ «የሁለተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ሞታለች» የሚል ሰው ነበር። ተከፍቶ ሲታይ ሞታ ትገኛለች።

አንድ ወዳጅ ነበረው፣ ወንዳፍራሽ የሚባል። ወንዳፍራሽ ቆላ ወፍጮ ቤት አለው፤ ቤቱና ሚስቱ ግን ደጋ ናቸው፣ ከአምስተኛው ኩርባ በላይ። በየምሽቱ ወደ ቤቱ ይወጣል። ታዲያ አንድ ጊዜ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናውን ለወንዳፍራሽ ሸጠለት። የአሜሪካ መኪና፣ ሁለት በር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ የሞተሯ ክዳን፣ ኮፈኗ፣ እንደ አልጋ የረዘመ። ባለ ጡንቻ ነበር የሚሏት። ጡንቻስ አላት፤ ድምፅ ግን የላትም! ዳገት ላይ እንደ ታመመ ሰው ታቃስታለች። ወንዳፍራሽ አፍሮ ወደ ዱባለ ወሰዳት።

«ዱባለ፣ ይቺ ነገር ምን ሆና ነው?»

«ጉሮሮዋን አንቀዋት ነው፣» አለው ዱባለ ከሥሯ ተኝቶ። «ሞተር ይተነፍሳል እንጂ አይናገርም። የሚናገረው ቱቦው ነው። ለእኔ ተዋት።»

አንድ ወር ሙሉ ሠራት። ከሞተሩ የሚወጡትን ስምንት ቱቦዎች፣ አራት በዚህ፣ አራት በዚያ፣ ትንፋሹ እየተጋፋ እንዳይወጣ እኩል ርዝመት ሰጣቸው። ቀጭን ቱቦ ሲቀጥልበት ድምፅዋ ሰላላ ሆነ። ወፍራም ሲቀጥልበት ድምፅዋም ወፈረ። ግራና ቀኙ ለየብቻ ሲወጣ ደግሞ እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች ይነታረካል፤ ከሆዷ ሥር በአንድ አጭር ቱቦ አገናኛቸውና ተስማሙ። ከዚያ ማርሚታውን ከፍቶ ውስጡ ያለውን ግርዶሽ ሁሉ አወጣ። በምትኩ ቀዳዳ ቀዳዳ የተበሳ ቀጥ ያለ ቱቦ ከተተ፣ ዙሪያውን ድስት የሚፈተግበት ዓይነት ሽቦ ጠቀጠቀ። ጩኸቱ ጠፋ፣ ጉርምርምታው ብቻ ቀረ። ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ። በጆሮ ሳይሆን በደረት የሚሰማ ድምፅ ነው። መጨረሻ ላይ፣ ከቱቦው መጋጠሚያ ላይ፣ ሳንቲም የማታህል ክፍተት ሆን ብሎ ሳይበይድ ተወ። ሰው እግሩን ከነዳጅ ላይ ሲያነሳ በዚያች ክፍተት አየር ይገባል፤ ሳይነድ የወጣው ቤንዚን እዚያው ቱቦ ውስጥ ይፈነዳል። ሦስት ጊዜ። እህ። እህ። እህ። መኪናዋ ታስላለች።

ወንዳፍራሽ ሲሰማት እንባው መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ አምስተኛው ኩርባ ላይ ሲደርስ እግሩን ያነሳል፣ መኪናዋ ሦስት ጊዜ ታስላለች፣ ሚስቱ አጸደ ፋኖስ ይዛ ወጥታ በሩን ትከፍትለታለች። አንድም ቀን በሩ ላይ ክላክስ አድርጎ አያውቅም።

መሐላው የመጣው ያኔ ነው። «ዱባለ፣ አደራህን፣ ይሄን ድምፅ ለሌላ ሰው እንዳትሠራ። ሚስቴ የምታውቀኝ በዚህ ነው፣» አለው።

«አንተ ትሙት፣ ወንዳፍራሽ! ለማንም አልሠራም!» አለ ዱባለ።

አያችሁ? ቀላል ነገር ነው፤ በቀን ስንቴ እንለዋለን? ግን «አንተ ትሙት» ማለት ምን ማለት ነው? ቃሌን ባጥፍ እኔ ምንም አልሆንም፣ አንተ ሙት ማለት አይደለም? የወንዳፍራሽን ነፍስ መያዣ ሰጥቶ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ዓመት አለፈ። ከተማው ሁሉ ምን ይላል? «የወንዳፍራሽ ድምፅ!» ይላል። ምሽት ላይ ሰው በየደጁ ቆሞ ይሰማዋል። የዱባለ የሚል አንድ ሰው የለም። ይሄ ነገር ዱባለን በላው። «የሠራሁት እኔ፣ የሚኮራው እሱ!» ቅናት ክፉ ነው ጎበዝ፣ ከወዳጅ ጋር እየበላህ ነው የሚበላህ። ሄዶ ሄዶ የዚያችን መኪና አምሳያ፣ ተጋጭታ የተጣለች፣ ከሩቅ አገር አስጎትቶ አመጣ። በሩን ዘግቶ ስድስት ወር በድብቅ ሠራት። ያንኑ ቱቦ፣ ያንኑ ማርሚታ፣ ያችኑ ክፍተት።

አንድ ቅዳሜ ምሽት፣ ልክ የአንድ ሰዓቱ የራዲዮ ዜና ሲጀምር፣ ጋራዡን ዘግቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሳት። ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ። ነዳጅ ሰጣት። እግሩን አነሳ። እህ። እህ። እህ። አንድ ናቸው! ዱባለ ብቻውን ሳቀ። ይሄን ሰዓት ያዙልኝ።

ከዚያ ከተማው እስኪተኛ ጠበቀ። ወንዳፍራሽም ይሄን ጊዜ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል ብሎ አሰበ። አራት ሰዓት ሲያልፍ፣ አንዴ ብቻ ዳገት ላይ ልሞክራት ብሎ ወጣ። ቅድም አልቦታል ያልኳችሁ ይኸኔ ነው።

አንደኛው ኩርባ። ዐለቱ የመኪናዋን ድምፅ መለሰለት። ይሄ አይገርምም፣ ዛሬም ብትጣሩ የገደል ማሚቶው ይመልስላችኋል። ሁለተኛው ኩርባ። ማሚቶው መለሰ፣ ግን ትንሽ ዘገየ። ዱባለ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ጆሮ አለው አላልኳችሁም? ማርሽ ቀነሰ። የራሱ መኪና ድምፅ ተለወጠ፤ የማሚቶው አልተለወጠም። «ነፋስ ነው፣» አለ። ነፋስ ነበረ? ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

ሦስተኛው ኩርባ። እዚህ ነው። አዎ፣ ይኸው አሁን የተቀመጥንበት። ምን ያስደነግጣችኋል፣ ገና መች ጀመርን? እዚህ ላይ ማሚቶው ቀደመው። ዱባለ ነዳጅ ሳይሰጥ ማሚቶው ነዳጅ ሰጠ። እስቲ መልሱልኝ፣ ማሚቶ ይቀድማል? ዱባለ መኪናዋን ወደ ዐለቱ አስጠግቶ አቆመ። መብራቷን አጠፋ። ሞተሯን አጠፋ።

ገደሉ ግን አላጠፋም።

ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ። ከታች። ከገደሉ ውስጥ።

«ወንዳፍራሽ ነው፣ ያዘኝ!» አለ ዱባለ። መጀመሪያ የመጣበት ሀፍረት ነው። የወዳጁን መብራት ጠበቀ። መብራት አልመጣም። ድምፁ ብቻውን ከገደሉ ወጣ፣ መንገዱ ላይ ወጣ፣ ተጠጋው። ጠጠሩ ከጎማ ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፤ ጎማ የለም። የጋለ ብረት ሸተተው፣ የተቃጠለ ቤንዚን ሸተተው፤ መኪና የለም። በመስኮቱ ጥግ አልፎ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ አራተኛው፣ ወደ አምስተኛው። እዚያ ሲደርስ አሳለ። እህ። እህ። እህ።

ዱባለ ሽቅብ ቀና ሲል ፋኖስ በራ።

አጸደ ናት! የባሏን ሳል ሰማች፣ ልትከፍት ነው። ለማን ነው የምትከፍተው?

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቁልቁል ነዋ! እኔም ያው ነኝ፣ አልዋሽም። ዱባለ ግን፣ ጥፋቱን አልክድለትም፣ በዚያች ሰዓት ሰው ሆነ። መኪናዋን አስነስቶ ሽቅብ ከነፈ። «አጸደ፣ አትክፈቺ! አትክፈቺ!» እያለ ይጮኻል። ማን ይስማው? የገዛ እጁ ሥራ ጩኸቱን ውጦበታል። አምስተኛው ኩርባ ላይ መንገዱ ሲጠመዘዝበት ሳያስበው እግሩን አነሳ፣ መኪናዋም ሦስት ጊዜ አሳለች።

ሲደርስ የግቢው በር ዝግ ነው። «ተመስገን፣ ደረስኩ» አለ። በሩን ደበደበ። አጸደ ፋኖስ ይዛ ከፈተች። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«ዱባለ? አንተ ነህ እንዴ?»

«አጸደ፣ ለማንም አልከፈትሽም አይደል?»

«ምን ማለትህ ነው? ወንዳፍራሽ አሁን ገባ። ባሌን አስገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ቁጭ ሳልል ባሌ እንደገና ከውጭ መጣ። ይሄ ድምፅ የማን ነው፣ ዱባለ?»

«መኪናዋስ የታለች?» አላት ዱባለ ቀስ ብሎ።

አጸደ ፋኖሱን ወደ ግቢው አዞረች። ግቢው ባዶ ነው።

«ጨለማ ነው ብዬ... ዝም ብሎ ነው የገባው፣ ዱባለ። አላናገረኝም። እጁን ስይዘው በረዶ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።»

ዱባለ ተከፍቶ በቀረው የቤቱ በር በኩል አየ። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ኮቱ የወንዳፍራሽ ኮት ነው። ትከሻው የወንዳፍራሽ ትከሻ ነው። ከኮቱ አንገትጌ ግን ጭስ ይወጣል፣ ቀስ እያለ፣ እየቆመ፣ ቀስ እያለ። ሰውየው አልዞረም። ሲናገርም ድምፁ ከአፉ አልወጣም። ከደረቱ ነው የመጣው፣ እያጉረመረመ።

«ዱባለ። በማን ነበር የማልከው?»

ዱባለ እዚያው ደጁ ላይ ወደቀ።

ሲነጋ አልጋው ላይ ማንም የለም። አንሶላው ላይ ግን ሰው የተቀመጠበት ቦታ በጥላሸት ታትሟል፤ አጸደ ስንቴ አጥባው አልለቀቀም አሉ። ወንዳፍራሽን ከሦስተኛው ኩርባ ሥር፣ ከነመኪናው፣ ገደል ውስጥ አገኙት። ቀዝቅዞ፣ ደርቆ። እዚያ አካባቢ ድንኳን ተክሎ ያደረ አንድ የመንገድ ሠራተኛ ነበር። «ማታ ድምፅስ ሰምቼ ነበር፣ ናዳ መስሎኝ ዝም አልኩ፣» አለ። ስንት ሰዓት ላይ ነው ቢሉት፣ «ራዲዮዬን ከፍቼ፣ የአንድ ሰዓቱ ዜና ሲጀምር፣» ብሎ መለሰ።

ዱባለ ለአጸደ ሁሉንም ነገራት። በአስከሬኑ ፊት ነው የነገራት። ሰው ትረግመዋለች ብሎ ሲጠብቅ አልረገመችውም። «የባሌን ድምፅ መልስ፣» ብቻ አለችው። ዱባለ የራሱን መኪና ቱቦ ቆርጦ፣ ማርሚታውን ነቅሎ፣ እዚሁ ገደል ወረወረው። ከዚያ ወዲያ ብየዳ አልነካም። ጆሮውን በሰም ደፍኖ ኖረ፣ ደፍኖ ሞተ። ሰም ምን ያደርግለታል፣ ድምፁ የሚሰማው በደረት ነው።

ወንዳፍራሽ ዛሬም በዚህ ዳገት ይወጣል ይባላል። ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲያይ ያልፋል። ብቻውን የሚነዳ ሲያገኝ ግን አጠገቡ ይቆምና ያችኑ አንዲት ጥያቄ ይጠይቀዋል። እንግዲህ በዚህ መንገድ ብቻችሁን አትንዱ። በሰው ነፍስም አትማሉ። በቃ፣ ወሬዬን ጨረስኩ፣ ብርድ ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍልና እንተኛ።

ቆይ። ዝም በሉ እስቲ።

ማን ነው ሞተር ያስነሳው?

ማንም አላስነሳም? ባርኔጣዬን አምጡት። ቁልፎቹን ልቁጠር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ሰባቱም አለ። ታዲያ ይሄ ከታች፣ ከገደሉ የሚመጣው የማን ነው?

አሳለ። ሰማችሁ? አንድ። ሁለት...

ማንም እንዳይነሳ። ፋኖስ እንዳታበሩ። አንተ ባለ ሚኒባሱ፣ ና፣ ወደ መሀል ግባ። እጄን ያዝና ቀስ ብለህ ንገረኝ፤ ቅድም በማን ነበር የማልከው?