አራተኛው መስመር

ብቻውን የሚኖር ሰው ውሎ አድሮ ከዕቃ ጋር ማውራት ይጀምራል። ባለግጥሟ ግን ብሶባት ለዕቃ ግጥም ትገጥም ነበር። የበሩ ማጠፊያ ሲያንቋርር አንድ ስንኝ፣ ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ሌላ ስንኝ። ጠዋት ጥርሷን እየቦረሸች የጀመረችውን አውቶቡስ ውስጥ ትጨርሰዋለች። ቤት ሲመታላት ብቻዋን ፈገግ ትላለች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ቦርሳውን ጠበቅ ያደርጋል።

ለማን ትንገረው? እናትና አባቷ በሕይወት የሉም። ታላቅ እህቷ አግብታ ሩቅ ነው የምትኖረው፤ ስትደውል የምትጠይቃትም ያንኑ ነው።

«እስካሁን ማንም የለም?»

«አለ እንጂ! አንዲት ካልሲ አለችኝ፤ እሷም ጓደኛዋ ጠፍታባት አብረን ነን።»

«ወይ አንቺ ልጅ! መቼ ነው ቁም ነገር የምታወሪው?» ትላትና ስልኩን ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ጭር ይላል።

የምትሠራው አጎቷ መነጽር ቤት ነው፤ ዓይን ትለካለች። ደንበኛው የመሞከሪያ መነጽር ያደርግና የምትሰጠውን ካርድ ያነባል። የካርዱ ጽሑፍ ከላይ ጎላ ብሎ ይጀምርና ወደ ታች እያነሰ ይሄዳል፤ አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ፊደሉ የጉንዳን እግር ያህላል። ድሮ የነበረው ካርድ ስለ እጅ መታጠብ የሚመክር ደረቅ ጽሑፍ ነበር። ደንበኛው ሁሉ በቃሉ ይዞታልና መለኪያ አይሆንም ብላ አጎቷን አሳመነችና በየማለዳው አዲስ ካርድ እያተመች ማምጣት ጀመረች። ያለችው ውሸት አልነበረም። ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ የፈለገችው ግጥሟን ድምፁን አውጥቶ የሚያነብላት ሰው ነው።

«ይኼ መነጽር ቤት ነው ወይስ የቀልድ ቤት?» ይላል አጎቷ።

«ጋሼ፣ ሰው እየሳቀ ሲያነብ አይጨነቅም።»

«የሚስቅ ሰውማ ዓይኑን ይጨፍናል! ምኑን ልትለኪ ነው?»

አጎትየው በከንቱ ሰጋ እንጂ የሚስቅስ አልነበረም። ዓይኑ ያሳሰበው ሰው የጃንጥላ ቀልድ ምን ያደርግለታል? «ዝናቡ... ሲመጣ... ጃንጥላዬ... ጠፋ። እሺ፣ ይታየኛል። ቀጥሎስ?» ይሏታል። እሷም ሌንሱን ትቀይርና ትቀጥላለች።

ሰዓት ሠሪው የመጣው በዚያው በጃንጥላው ቀን ነው። ማዶ፣ ከፋርማሲው ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰዓት የሚጠግን፣ ቀጠን ያለ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። የሰዓት ብሎን ከዓይኑ እየጠፋበት ስለተቸገረ መነጽር ሊያሠራ ነው የመጣው።

«እዚህ ይቀመጡ» አለችው።

«ኧረ አንቱታውን ተይው፤ ገና ሽበት አላወጣሁም። ካለም አልታየኝም።»

ካርዱን ሰጠችው። ከላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች እያጣጣመ፣ ቀስ ብሎ አነበበ።

«ዝናቡ ሲመጣ ጃንጥላዬ ጠፋ፣
ሲያባራ አገኘሁት ተኝቶ ከሶፋ፤
ቀሰቀስኩት እኔም ዓይኑን ገለጠና...»

አራተኛው ላይ ሲደርስ ካርዱን ጠጋ አደረገ፣ መልሶ አራቀ። ጉሮሮውን ጠረገና ጨረሰው።

«ለኔስ ማን ጃንጥላ ይዞልኝ ነውና!»

ባለግጥሟ በእጇ የያዘችውን ሌንስ ልትጥለው ምንም አልቀራት። ካርዱ ላይ የጻፈችው «ጉንፋን ይይዘኛል ብሎ ተኛ እንደገና» የሚል ነበር። ሰውዬው አንብቦ፣ አልወደደላትም መሰለኝ፣ ከራሱ የተሻለ አምጥቶ ገጠመበት! ከሆዷ ሳቀች። እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! አጎቷ እንኳ ከጓዳ ብቅ ብሎ «ምን ሆነሻል?» አላት። ሰዓት ሠሪው ግራ ገብቶት አያት፤ ከዚያ እሱም ፈገግ አለ።

የዚያን ቀን ዓይኑን ደህና ነው ብላ ቀለል ያለ መነጽር ሠራችለት።

ከዚያ በኋላማ ሰዓት ሠሪው ከበሩ አልጠፋም። ዛሬ መነጽሩ አፍንጫዬን ተጫነኝ፣ ነገ ጆሮዬ ላይ ላላ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ብዥ ይልብኛል፣ ካልጠፋ ነገር። በመጣ ቁጥር የዕለቱን ካርድ ትሰጠዋለች። የካልሲዋ ቀን እንዲህ ነበር፤

«ካልሲዬ ነጠላ ቀረችብኝ ዛሬ፣
ጓደኛዋን በልቷት ማጠቢያው አውሬ፤
ልጥላት ነበረ እምቢ አለኝ ሆዴ...»

የካርዱ አራተኛ መስመር ስለ ልብስ ማስጫ ገመድ ነበር። እሱ ግን ካርዱን ጠጋ፣ ራቅ አደረገና፤

«ነጠላ መሆንም ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለ።

«እዚያ ላይ እንደዚያ አይልም!» አለች እየሳቀች።

«አይልም? እንዲያ ማለት ነበረበታ!»

ይኸው ነው፤ በዚህ ወደደችው። ማታ ማንቆርቆሪያውን ጥዳ ስትቆም እሱ ነገ ምን ይለው ይሆን እያለች መግጠም ጀመረች። ሦስተኛ መስመር ላይ ስትደርስ ድምፁ ይሰማታል። ቆየት ሲል አንዳንዴ ሦስተኛውንም መስመር ከራሱ እያመጣ ይገጥምባት ጀመር፤ እሷ ደግሞ ለመደኝ ብላ ይበልጥ ደስ አላት። ፍቅር እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ሌንስ ትቀይር ነበር።

በመጨረሻ ቆረጠች። በቀልድ ተሸፋፍኖ እስከመቼ ይዘለቃል? አንድ ዓርብ ጠዋት ይኼን አትማ መጣች፤

«በመናፈሻው ጥግ አንድ አግዳሚ አለ፣
ለሁለት ተሠርቶ ለአንዷ የዋለ፤
እሑድ ሥራ የለም፣ እዚያ እውላለሁ፣
አሥር ሰዓት ላይ ና፣ ቦታ እይዛለሁ።»

ሲመጣ ሰጠችው። ሁለቱን አነበበ። ሦስተኛውን እየተንገዳገደም ቢሆን ተወጣው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጠበብ አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤

«ወፍ ካላባረረኝ እዚያው አድራለሁ!» አለና ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም።

«ምነው? አልተመቸሽም?»

«አይ፣ ጥሩ ነው» አለችው።

ቀልድ ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ቀልደኛ ሰው እሺታውንም በቀልድ ይሆናል የሚሰጠው። እሑድ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን አጠገቧ አስቀመጠች፤ ቦታ መያዟ ነው። አንድ አባት ልጁን አዝሎ መጣና «እዚህ ሰው አለ?» አላት። «አለ፣ እየመጣ ነው» አለችው። ሰውዬው ቆሞ ልጁን አስተኛ፣ ሄደ። ብርድ ወረደ፣ የመናፈሻው ዘበኛ ፊሽካውን ነፋ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ በመንገድ ላይ አለቀሰች፤ ያየ ይየኝ ብላ።

በማግስቱ ሰዓት ሠሪው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ከች አለ።

«የዛሬውስ ስለ ምንድን ነው?»

«ዛሬ ካርድ የለም» አለችው፣ ቀና ሳትል። «መነጽርህ ደህና ነው። ደግሞ ሥራ አለብኝ።»

በሩ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሄደ፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም። እሷም መግጠም ተወች። የእጅ መታጠቡን ካርድ ከመሳቢያ አውጥታ መለሰችው። ማንቆርቆሪያው ይፈላል፣ በሩ ያንቋርራል፤ መልስ የሚሰጠው የለም።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን አጎቷ ሰዓቱን ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አደረገላት።

«ያ ቀልደኛሽ ጉድ ሠራኝ! ጠግኜዋለሁ ብሎኝ ነበር፤ የጀርባው ክዳን ግን ብሎን የለውም። ሂጂና አስተካክል በይልኝ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ አይሄዱም?»

«እኔማ ከሄድኩ እጣላለሁ!»

ምን ይደረግ፣ ተሻገረች። ሱቁ በሩ ክፍት ነው። ሰዓት ሠሪው ጎንበስ ብሎ፣ የማጉያ መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣ አንድ የእጅ ሰዓት በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ ነበር። ጠረጴዛው ተከፍተው በተተዉ ሰዓቶች ተሞልቷል። ፊት ለፊቱ ቆመች። ክንዷን ብትዘረጋ ትነካዋለች። ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም ነገር አልተለወጠም። እንደ ማንኛውም ደንበኛ በትሕትና ፈገግ አለላት።

«ማን ልበል?» አላት።

ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ!» ፊቱ በራ። «መብራቱ ጀርባሽ ላይ ሆኖ እኮ...»

መብራቱ ከጀርባዋ አልነበረም። ፊቷ ላይ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «የዚያን ዓርብ፣ የአግዳሚው ወንበር ግጥም... አራተኛው መስመር ምን ይል ነበር?»

ሰዓቱን አስቀመጠ።

«ስለ ወፍ» አለ ቀስ ብሎ።

«ወፍ የሚል የለበትም።»

«ታዲያ ምን ይል ነበር?»

«አሥር ሰዓት ላይ ና ነው የሚለው። እስኪመሽ ጠበቅኩህ።»

ሰዓት ሠሪው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እሷ ደግሞ፣ ይግረማችሁ፣ የመጀመሪያው ስሜቷ ደስታ ነበር። አልናቃትም! ንቋት አይደለም የቀረው! ወዲያው ያ ደስታ ምን ማለት እንደሆነ ገባት። አላየውም ማለት እኮ ነው። የጃንጥላውንም አላየም፣ የካልሲዋንም። እየሳቀች የወደደችለት ስንኝ ሁሉ ዓይኑ አላይ ሲለው አፉ የሞላው ነው።

«ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ ዓይን ለካሁ ባይ ነኝ!»

«መጀመሪያ ቀን ልነግርሽ ነበር። የመጣልኝን ብዬ አልታየኝም ልል ስል ሳቅሽ።» እጁን ከፊቱ አወረደ። «ማታ ቤቴ ስገባ ከሬዲዮ በቀር የሚያናግረኝ የለም። እኔ ባልኩት ነገር ሰው እንደዚያ ሲስቅ... አልታየኝም ብል ሳቁ የሚቀር መሰለኝ። በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ነው የምመጣው።»

«በቃ፣ ተነሥ። ዛሬውኑ እንለካው።»

«ከለካሽው ይኼ ሱቅ ይዘጋል።»

«ካልለካሁትስ?»

ኮቱን አነሣ።

አጎቷ ነገሩን ሲሰማ ስለ ሰዓቱ አንድም ቃል ሳይተነፍስ መጋረጃውን ዘጋላቸው። ባለግጥሟ አዲስ ካርድ አተመች፤ ቃል የማይሆኑ፣ እንዲያው የተበታተኑ ፊደሎች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር ጽፋ አታውቅም። ሰዓት ሠሪው ያዘው። ጠጋ፣ ራቅ አደረገ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«"መ"... "ሰ"... መስኮት?»

«አትግጠም» አለችው። «እባክህ አትግጠም። የሚታይህን ብቻ ንገረኝ።»

ካርዱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«መሀሉ የለም» አላት። «ዳር ዳሩን አያለሁ፣ መሀሉ ላይ ግን ምንም የለም።»

አጎቷ ለሚያውቀው የዓይን ሐኪም ደውሎ በማግስቱ እንዲታይ አደረገ። ባለግጥሟ ከሐኪሙ ክፍል ውጭ ስትጠብቅ ከአፏ አንድም ስንኝ አልወጣም። ሰዓት ሠሪው ግድግዳውን በእጁ እየነካ ወጣ።

«የሄደው አይመለስም አለኝ» አላት። «የቀረውን ግን በመርፌ ማቆየት ይቻላል። ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ እሱም አይኖርም ነበር አለ። ሰዓት መሥራት ግን አበቃ።»

«ትንሽ ብትዘገይ? የዘገየኸው በእኔ ሳቅ ነው። እኔ ነኝ የ...»

«ተይ! በሳቅሽ ነው በየቀኑ የመጣሁት። ባልመጣ ዓይኔ መጥፋቱን ማን ያውቅልኝ ነበር?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ግን ወደ ሥራሽ ሂጂ። ሰዓት የማይሠራ ሰዓት ሠሪ ምን ያደርግልሻል?»

«እወድሃለሁ» አለችው።

አፉን ከፈተ፤ እንደ ልማዱ የሚገጥምበት ፈልጎ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ምንም አልመጣለትም። ነርሷ ሌላ ስም ስትጠራ፣ ሰው በመካከላቸው ሲያልፍ፣ ሁለቱም እዚያው ቆሙ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እሱም አልሸሸገውም።

«እንሂድ» አለችው።

እሱ ከፊት ሆነ። የሐኪም ቤቱ መውጫ ላይ ሲደርሱ «ደረጃ አለ» አለችው። በግምት ሊረግጥ እግሩን አነሣ፤ ከዚያ መልሶ አሳረፈውና እጁን ወደ እሷ ዘረጋ።

«የቱ ጋ?» አላት።