ለአምስተኛው ጠጠር የመጣው ፎቶ

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ባለችው ትንሿ ከተማችን በሆብስ ዌል።

ማርላ እባላለሁ። ሰዎች ቤታቸው ፖከር የሚባለውን ካርታ ሲጫወቱ በገንዘብ ፋንታ የሚደረድሯቸውን ክብ ጠጠሮች እነድፋለሁ። ቀለሙን፣ የጠርዙን መስመር፣ መሃሉ ላይ የሚለጠፈውን ሥዕል።

ወንድሜ ድዌይን ሐሙስ ሐሙስ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ "የከተማችንን ጠጠር ሥሪልኝ" አለኝ። አምስት ቀለም፣ አምስት ቦታ።

አራት ፎቶ በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ። በእጄ ቆጥሬያቸዋለሁ። የውሃ ታንከሩ፣ የባቡር ድልድዩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የተዘጋው ሞቴል።

"አምስተኛውስ?"

"ነገ አንስቼ አመጣልሻለሁ። የት እንደሆነ አልነግርሽም፤ ስታዪው ትስቂያለሽ።"

አልመጣም።

መኪናው ድልድዩ ሥር፣ ወንዙ ዳር ተገኘች። በሯ ተከፍቶ... ሞተሯ እየሠራ።

ወንዙን ስምንት ቀን ፈተሹት። በዘጠነኛው ቀን የፖሊስ አለቃችን ሸሪፉ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "አዝናለሁ" አለኝ።

እኔ ግን ሞቷል ማለት አቃተኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ወረቀቴን ዘርግቼ መሣል ጀመርኩ። ጠጠሮቹ ካለቁ ይመጣል... እንደዚያ ነበር የማስበው። እንቅልፍ ካጣ ሰው ምን ትጠብቃላችሁ?

ነጩ ላይ ታንከሩን ሣልኩ። ቀዩ ላይ ድልድዩን።

የድልድዩ ፎቶ ላይ፣ ብረቶቹ መሃል፣ አንድ ቀጭን ጥቁር ነገር ቆሟል። ጭረት መስሎኝ በጣቴ ጠረግኩት።

አልጠፋም።

ቤተ ክርስቲያኑም ጋ አለ... ቀረብ ብሎ። ሞቴሉ ጋ ይበልጥ ቀርቧል። ፊቱን ያዞረ ሰው ነው።

ሌላ ይኖር ይሆን ብዬ ፖስታውን ገለበጥኩት።

አንድ ፎቶ ወደቀ። አምስተኛ።

የድሮው የብር ማዕድን ጉድጓድ ነው። ከፊቱ ወንድሜ ቆሟል፤ ጀርባውን ሰጥቶ።

ብቻውን ነበር የሄደው። ታዲያ... ማን አነሳው?

ኧርል ጋ ደውዬ ያየሁትን ነገርኩት። የድዌይን የሐሙስ ጓደኛ ነው፤ የተበላሹ መኪኖችን የሚጎትትበት ገመድ ያለው ትልቅ መኪና አለው።

"ሸሪፉን እንጥራ" አለኝ።

"እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል! እየሞተ ቢሆንስ? ኧርል... በእናትህ!"

እሱ በመኪናው፣ እኔ በመኪናዬ ወደ ጉድጓዱ ሄድን።

ነፋስ የለም። ወፍ የለም። ጉድጓዱ የተዘጋበት ሳንቃ ወደ ውጭ ተገንጥሏል... ከውስጥ የተገፋ ይመስል።

"ድዌይን!"

ወደ ጉድጓዱ አፍ ተጠጋሁ።

"ድዌይን!"

"...ማርላ።"

"ተጎድተሃል?"

"ገመድ አውርዱልኝ። ቀበቶ ያለው።"

ኧርል ክንዴን ያዘኝ። በሹክሹክታ፣ "አሥራ አንድ ቀን... ያለ ውሃ። በዚህ ሙቀት። ማርላ፣ ሰው አይተርፍም።"

"ዝም በል።"

"ድምፁ ደግሞ አያስተጋባም። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ..."

"አውርድ አልኩህ! ካላወረድክ ራሴ እዘላለሁ!"

ዓይኔን አየ። እንደማልቀልድ ገባው።

ከመኪናው መቆለፊያ ያለው ቀበቶ አውጥቶ ገመዱ ላይ አሰረና አወረደ። ሃያ ሜትር። አርባ። ሰባ።

"ደረሰኝ" አለ ድምፁ። ከሰባ ሜትር ሥር አልነበረም። ከጆሮዬ ሥር ነበር። "ታጠቅኩ። ሳቡኝ።"

ገመዱ ተወጠረ። ገመዱን የሚጠቀልለው ማሽን አቃሰተ። የኧርል መኪና ከኋላዋ ዝቅ አለች። እያለቀስኩ እስቅ ነበር።

ሃምሳ... ሃያ... አምስት...

ቀበቶው ወጣ።

ባዶ።

መቆለፊያው እንደተቆለፈ ነው። ማሰሪያው ግን አልተንጠለጠለም... ወገብ እንዳቀፈ ክብ ሠርቶ ተወጥሯል። ማሽኑም አሁንም ያቃስታል።

ኧርል መጸለይ ጀመረ።

ቀጭ።

መቆለፊያው ተፈታ። ቀበቶው ረገበ። አቧራው ላይ አንድ የጫማ ዱካ ታተመ። ቀጥሎ ሌላ። እግር እየጎተተ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ በአጠገቤ አለፈ።

መኪናዬ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"እንዳትነኪው!" ኧርል ጮኸ። "እሱ አይደለም! ማርላ፣ ድዌይን አይደለም!"

ሊሆን ይችላል። ግን አሥራ አንድ ቀን ወንዝ ዳር ስሙን የጠራሁት እኔ ነኝ እንጂ ኧርል አይደለም።

ሄድኩ። በሩን ከፈትኩለት።

የፊት ወንበሩ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ሰረጎደ።

ከዚያ... የኋለኛውም።