የጣሪያው ሰንሰለት ቅጭልጭልታ

ፕሮፌሰሩ የሞተው የራሱን ሙዚቃ ሁልጊዜ ከሚያዳምጥበት ወንበር ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ድምፅ ማጉያዎች ከግድግዳ እስከ ጣሪያ እንደ ጉልላት ከበውታል፤ ከመካከል የተቀመጠ ሰው ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣለታል። ከአናቱ በላይ የነበረው ማጉያ ብሎኑ ወልቆ ወድቆበታል።

መርማሪዋ መሰላል ላይ ወጥታ የቀሩትን ሠላሳውን አንድ በአንድ አየች። እያንዳንዱ ከብሎኑ ሌላ የመጠባበቂያ ሰንሰለት አለው። የወደቀው ግን የለውም፤ ሰንሰለቱ ክፍሉ ውስጥም አልተገኘም።

የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፦ የሟቹ ሚስት፣ አብሮት የሚያስተምረው ወጣት መምህር፣ ድምፅ ማጉያዎቹን የሰቀለውና ተማሪዎች «ጋሽ ሽቦ» የሚሉት ቴክኒሽያን። ጣት ሁሉ የተቀሰረው በጋሽ ሽቦ ላይ ነበር። በቸልተኝነት ከተከሰሰ እስር ቤት ይጠብቀዋል።

«ሰንሰለቱን አስረውት ነበር?»

«በእነዚህ እጆቼ! ጣት ባይኖረኝ በጥርሴም አስረው ነበር።»

«ታዲያ ማን ፈታው?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ።» አንድ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው።

ወጣቱ መምህር ግን አልተቸገረም።

«ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው የፈታው። የአየር ማናፈሻው ሲነሣ ሰንሰለቱ ይቅጨለጨላል። ‹ዝምታዬን በላው› እያለ በስልክ ምሬቱን ይነግረኝ ነበር።»

«እርስዎስ ሰምተውታል?»

«ጉልላቱ ከተሰቀለ ወዲህ ደፉን አልረገጥኩም። ማን ይጋብዘኛል!»

መርማሪዋ ወደ ሟቹ ጠረጴዛ ተመለሰች። በኖታዎቹ ዳር፣ ቀጫጭን ድምፆች በተጻፉበት ሁሉ፣ የእርሳስ እርማት አለ። ጽሑፉ የፕሮፌሰሩ አይደለም። በየገመዱ ላይ የተለጠፉትን ቁጥሮች የጻፈ እጅ ነው። የጋሽ ሽቦ።

ሟቹ ቤት ሄዳ ሚስቱን ጠየቀች። «ጋሽ ሽቦ ለባለቤትዎ ምናቸው ነበር?»

ሴትዮዋ ከሣጥን የሐኪም ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። «ጆሮው» አለች።

በማግስቱ ሦስቱን በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሌላ ሰንሰለት በቦታው አስሰቅላ ማናፈሻውን አስነሣች። ከላይ ስስ ቅጭልጭልታ ወረደ።

«ይሰማዎታል?» አለችው መምህሩን።

«በደንብ።»

«ፕሮፌሰሩ ግን አይሰማውም ነበር። ቀጫጭን ድምፆች ከጆሮው ከራቁ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የሐኪሙ ወረቀት ይኸው። የማይሰማውን ነገር እንዴት ያማርራል?»

መምህሩ ለመሳቅ ሞከረ። «እንግዲያው ይሄ ሽማግሌ ነግሮት ይሆናል!»

«ለማንም ትንፍሽ አላልኩም» አለ ጋሽ ሽቦ። «በጨርቅ ልጠቀልለው ሳስብ ነው አደጋው የቀደመኝ።»

«ቅጭልጭልታውን የሚያውቅ ሰው እዚህ ገብቶ የሰማው ብቻ ነው» አለች መርማሪዋ። «እርስዎ አልገባሁም አሉ። ገብተዋል። ብሎኑን ያላሉና ሰንሰለቱን የፈቱ ዕለት ድምፁ ጆሮዎ ላይ ቀረ፤ ሟቹ ሰንሰለቱን ለመፍታቱም ሰበብ አደረጉት። ማንም የሙዚቃ ሰው ይሰማዋል ብለው ገመቱ። የእሱን ድርሰት በስምዎ ለውድድር ማቅረብዎን የሚያጋልጥ ደብዳቤ ፕሮፌሰሩ ጽፎ ነበር፤ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አግኝቼዋለሁ። ሰንሰለቱንም ዛሬ ጠዋት ከቢሮዎ ቁም ሳጥን አውጥተነዋል።»

ፖሊሶቹ መምህሩን ይዘው ወጡ።

ጋሽ ሽቦ ግን ነፃ እንደወጣ ሰው አልሆነም። ወደ ሚስቲቱ ዞረ።

«እትዬ፣ ምነው ምስጢሩን አወጡበት? እኔ ብታሰርስ!»

«እሱ ሞቷል» አለች። «ሙት አያፍርም። አንተ ግን ልጆች ታሳድጋለህ።»